የእድሩ ሠላሳ አንደኛ ወንበር

ባለቤቴ ጌታቸው ወንበር ይሰበስብ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ እኛም ቤት ብዙ ተስቆበታል። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ይታወቃል፤ የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብም አለ። ደባርቅ ላይ ተቀምጦ የዴንማርክ ወንበር የሚሰበስብ ሰው ግን ከእሱ በፊት አልነበረም፤ ከእሱም በኋላ የሚኖር አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ዳባት ውስጥ አንድ ዴንማርካዊ ሐኪም ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር ይባላል። የቤት ዕቃቸውን በመርከብ አስመጥተው፣ በጭነት መኪና ሊማሊሞን አስወጥተው ነበር ቤታቸውን ያደራጁት። አብዮቱ ሲመጣ ሰዎቹ ሄዱ፣ ዕቃው ቀረ። ወንበሮቹም እንደ ሙት ልጅ ያገኛቸው ሁሉ እየወሰዳቸው ተበታተኑ። አንዱ ቀበሌ ገባ፣ አንዱ ጠጅ ቤት፣ አንዱ ላይ ደግሞ ዶሮዎች ለብዙ ዓመት ሰፈሩበት።

ጌታቸው የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። እኔም እዚያው ከተማ አማርኛ አስተምር ነበርና፣ ገና ሳንጋባ ዳባት ለስብሰባ ሄደን ጠጅ ቤት ገባን። እሱ ጠጁን ትቶ የተቀመጠበትን ወንበር ገለበጠ። ሰካራሞቹ ሳቁበት። «ሚስማር የለውም» አለኝ፤ ዓይኑ ዕንባ ያቀረረ ይመስል ነበር። «አንድ ሚስማር የለውም! ጥርስና ጉድጓድ ብቻ ነው።» ከጠጅ ቤቷ ባለቤት ጋር ተስማምቶ፣ በምትኩ ሁለት አዳዲስ በርጩማ ሠርቶላት ወንበሩን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ወንድሞቹን ሲፈልግ ኖረ። ከመጀመሪያው ጋር ዘጠኝ አደረሳቸው። በእያንዳንዱ ወንበር ሆድ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ የሠሪው ማኅተም በእሳት ተተኩሶበታል። ጌታቸው ከማኅተሙ ጎን በእርሳስ የት እንዳገኘው ይጽፍ ነበር።

መቀመጫቸው የተጠለፈው ከወረቀት በተገመደ ገመድ ነው። ይህን ስሰማ «እኛ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፣ እነሱ ይቀመጡበታል» ብዬ ቀለድኩበት። የወረቀቱ ገመድ እዚህ ስለማይገኝ፣ ከድብ ባሕር ገበያ ቃጫ እያስመጣ፣ በቀጭኑ አስገምዶ ይጠልፈው ነበር። ጥልፉን እሱ ይጠልፋል፤ እኔ ጫፉን እይዛለሁ። «ጠበቅ!» ይለኛል፤ እስባለሁ። «ላላ!» ይለኛል፤ እለቃለሁ። የጋብቻችን ብዙው ምሽት እንዲህ አለፈ። ሰዎች «ለምን እንደ አልጋ በጠፍር አትወጥረውም? ዕድሜ ልክ አይበጠስም» ሲሉት ይቆጣ ነበር። «የጠፍር አልጋ እግሩ እንደ ግንድ ነው፤ ይችለዋል። ይህ ቀጭን ነው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ የእንጨቱን ጥርስ ነቅሎ ነው የሚያወጣው» ይል ነበር።

ካቻምና ግንቦት ጌታቸው ሞተ። ጎንደር ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኝቶ ነው። ስለዚያ አሁን አልጽፍም።

ለቅሶ ቤት ዕቃ ይወጣል። ሴቶቹ «የትኛው ይውጣ?» ሲሉኝ «ሁሉንም አውጡልኝ፣ ዓይኔ አይየው» አልኳቸው። ዘጠኙ ወንበሮች ወጥተው ከእድሩ አግዳሚና ወንበር ጋር ደጅ ተደባለቁ። በሣልስቱ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የእድሩ ዕቃ በመኪና ተጫነ፣ የኔም ወደ ቤት ገባ። ከሳምንት በኋላ ራሴን ችዬ ስቆጥር ስምንት ሆኑ። የጎደለው የመስኮቱ ስር ወንበር ነው፤ የጠጅ ቤቱ፤ የመጀመሪያው። ጌታቸው ጋዜጣ ሲያነብ በጣቱ የወንበሩን ቀኝ ክንድ መታ መታ ያደርገው ስለነበር፣ እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ ጠቁሮ የጣት ያህል ጎድጉዷል።

ማንን እጠይቃለሁ? ደረቱን እየደቃ ያለቀሰልኝን ሰው «ወንበሬን ወስደሃል ወይ?» ልበለው? አፌ ዝም ቢልም ዓይኔ ዝም አላለም። በሰው ደጅ ሳልፍ ወደ ውስጥ ማየት ጀመርኩ። ከጎረቤቴ ከዘነቡ ቤት ጥግ ላይ በነጠላ የተሸፈነ ነገር አይቼ ሁለት ወር ሰላምታ ነሣኋት። በኋላ ነጠላው ሲነሣ የስፌት መኪና ነበር። ወንበር አጥቼ በስፌት መኪና ተቀየምኩ።

ከዚያ ለቅሶ መሄድም ተውኩ። እድርተኛ ሲሞት «ጉልበቴን አሞኛል» እላለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተቀምጬ «ማነው የወሰደው?» እያልኩ ፊታቸውን ከማይ ቤቴ መቅረት መረጥኩ። ልጄ ህሊና ከጎንደር እየደወለች «እማ፣ ስምንት ወንበር ለአንድ ሰው ምን ያደርጋል? ሽጪያቸውና ነይ» ትለኛለች። እኔ ግን በየቀኑ ወንበር እየቀያየርኩ እቀመጥ ነበር፤ ሰኞ አንዱ ላይ፣ ማክሰኞ ሌላው ላይ፤ አንዱም ሰው እንዳያጣ። በወር አንድ ጊዜ በተልባ ዘይት አሻቸዋለሁ። የመስኮቱ ስር ቦታ ባዶውን ነበር። ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የእድሩ ንብረት ያዥ አያሌው ነው፤ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ ያኔም ሆነ ዛሬ ደብተር የማይለየው ልጅ፤ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ።

«ቲቸር፣ እንዴት ነዎት?»

«ያው እንደምታየኝ፣ ቆሜያለሁ።»

«የእድርተኛችን የሾፌሩ የሞላ እናት አርፈው ዳባት ነው ለቅሶው። ትናንት ቀበርን። ነገ ጠዋት የእድሩ ሚኒባስ ይሄዳል። ስምዎትን ልጻፍ?»

«ጉልበቴ ነው አያሌው።»

«ጉልበትስ የአባትየው የመሪጌታ ላቀው! እንኳን ምንጣፍ ላይ፣ አግዳሚም ላይ መቀመጥ አልቻሉ። ያቺን ባለ ክንድ ወንበር ነው የላክንላቸው።»

«የትኛዋን ባለ ክንድ?»

«ሠላሳ አንደኛዋን ነዋ። ክንዷ እንደ ላም ቀንድ ጎበጥ ያለችውን፣ መቀመጫዋ ቃጫ የነበረውን። በየለቅሶው እኮ አለች፤ ሽማግሌ ሁሉ የሚሻማት እሷን ነው። እርስዎ ቀርተው ነው እንጂ...»

አልጨረሰውም። የበሩ እጀታ ከእጄ አምልጦ በሩ ሰፊውን ተከፍቶ ነበር። ስምንቱ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ታዩት። አያሌው አንድ በአንድ አያቸው። አፉ ተከፈተ።

«ቲቸር... ወይኔ! የእናንተ ናት?»

በደጄ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። የእድር ዕቃ ሲመለስ ቆጠራው መሙላት አለበት። የኔ ለቅሶ ሲነሣ ወንበር ሠላሳ አንድ መሆን ሲገባው ሠላሳ ሆነ። አንዱ ተሰብሮ እዚያው ለማገዶ እንደዋለ ማንም አላስታወሰም። ጫኞቹ ከደጄ ላይ አንድ ወንበር ጨመሩ፣ ቁጥሩ ሞላ፣ ሄዱ። በማግስቱ አያሌው በጀርባዋ ላይ በአረንጓዴ የዘይት ቀለም «፴፩» ብሎ ጻፈባት።

«ቁጥሩ ሲሞላ ደስ አለኝ እንጂ አላሰብኩም» አለ፣ ቆቡን አውልቆ። «ሌባ ነኝ ቲቸር።»

ሌባ አልነበረም። ሌባ አልነበረም! ስምንት ወር ሙሉ ወንበሬ በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ድንኳን ሥር ቆማ ስትታይ ነበር። አንድ ለቅሶ ብሄድ ኖሮ አገኛት ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «መቀመጫዋ ቃጫ የነበረው ነው ያልከኝ?»

«ተበጥሶ ነበር። አሁን አይዞዎት፣ ጠፍር አስወጥረንላታል! ትናንት ወዲያ፤ እርጥቡን፣ አራት ሰው ጎትቶ። ዝሆን ቢቀመጥባት አትነቃነቅም።»

ደረጃው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጥር ነው። የጥር ነፋስ ልብስ ሳይታጠብ የሚያደርቅ ነው። ትናንት ወዲያ የተወጠረ ጠፍር ዛሬ ሲሰበሰብ ይውላል፤ ነገ አጥንት ይሆናል።

«ስሜን ጻፍ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት የጌታቸውን የገመድ መቁረጫ ቢላ በጨርቅ ጠቅልዬ ከነጠላዬ ሥር ይዤ ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ። ሰዎቹ «እንኳን ብቅ አልሽ» አሉኝ። ዘነቡ ጎኗን ለቀቀችልኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ገብቼ ጠፍሩን እቆርጣለሁ፣ ወንበሬን አድናለሁ። ወንበሩ ላይ ሰው እንደሚቀመጥ ግን በደንብ አላሰብኩም።

ቤቱ ከዳባት ዳር ነው። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ሴቶቹ ከበሩ ሲደርሱ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም እንደ ወጉ ገባሁ። ወንበሬ ከድንኳኑ ራስ ላይ ነበረች። «፴፩» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ከአንድ ሽማግሌ ትከሻ በላይ ይታያል። መሪጌታ ላቀው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን በሁለቱ ክንዶች ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው የጌታቸው ጣት ባጠቆረው ቦታ ላይ ነው።

ከጎናቸው ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቦታ አገኘሁ። ሰው ዝም ሲል ሰማሁት። ሲጥ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ሲጥ። ማንም ሳይነቃነቅ ወንበሯ ትጮሃለች።

ንፍሮ የምታድለው ልጃቸው አለምነሽ አጠገቤ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «እስኪ እርስዎ ይለምኑልኝ» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ከዚያም አልተነሡም። ቃልም አልወጣቸውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ 'ወንበሩ ይጮሃልና ልቀይርልዎ' ስላቸው 'ተይው፣ እሱ እያለቀሰልኝ ነው' አሉኝ።»

ምን ልበል? ወንበሩ እያለቀሰ አይደለም፣ እየተሰበረ ነው ልበላቸው? ሚስታቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን «ይነሡልኝ፣ ዕቃዬ ነው» ልበል? ቢላው ጭኔ ላይ ከብዶኛል። ከፊተኛው እግር ጋር የሚያያዘውን አግድም እንጨት አየሁት፤ ጥርሱ ከጉድጓዱ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጥቷል። ሲጥ። አሁን ደግሞ ትንሽ ጨመረ። ሃያ ስምንት ዓመት የተጠበቀች ወንበር በዓይኔ ፊት እየሞተች ነው፤ እኔም እንደ ሆስፒታሉ ጊዜ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ። ያኔ ዕንባዬ መጣ። የሞተችውን ሴት አላውቃትም፤ ግን እንደዚያ ያለቀስኩት ከግንቦት ወዲህ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጎርነን ያለ፣ የዜማ ሰው ድምፅ።

«ልጄ፣ ከገባሽ ጀምሮ አያለሁ። የምታለቅሺው ለባለቤቴ ለትርንጎ አይደለም። ለኔ እግር ነው ወይስ ለወንበሩ እግር?»

አያሌው ከማዶ ሆኖ ጭንቅላቱን ያዘ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ለወንበሩ ነው የኔታ። ይቅር ይበሉኝ። የባለቤቴ ነበረች። ግንቦት ላይ ሞተብኝ። በስህተት ከእድሩ ዕቃ ጋር ተጭና ሄደች፤ አሁን ደግሞ በእርጥብ ጠፍር ወጥረዋታል፣ እየደረቀ ጥርሷን እየነቀለው ነው። የሚሰሙት ድምፅ እሱ ነው። ነገ ትሰነጠቃለች።»

መሪጌታ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሲጥ አለች። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ሀዘን ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ነገር የሰማ ባለሙያ ፊት።

«ቆዳ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ! አርባ ዓመት ብራና የፋቅኩ ሰው! ስንት መወጠሪያ ሰብሮብኛል። እኔ ደግሞ ያዘነልኝ መስሎኝ...» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አለምነሽ! አንሡኝ።»

አለምነሽ ንፍሮውን ጥላ ሮጠች። በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሡ። እኔ ወንበሯን አጋድሜ ቢላውን ከጨርቁ አወጣሁ። አንዲት ሴት «ኧረ በማርያም! ቢላ ይዛለች!» ብላ ጮኸች፤ ሁለት ሰው ብድግ አለ። አያሌው «ቲቸር ናት! ቲቸር ናት!» እያለ በመካከል ገባ፤ አስተማሪ ቢላ አትይዝ ይመስል።

«ቢላውን መልሺ» አሉኝ መሪጌታ። «ሊገድሉሽ ነው ብዬ አይደለም። የተወጠረ ቆዳ በድንገት ሲቆረጥ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ያን ቀጭን እንጨት ለሁለት ነው የሚያደርገው። ቆዳ የሚለመነው በውሃ ነው።»

ቢላውን ወደ ጨርቁ መለስኩት። ለማዳን የመጣሁት እኔ ልገድላት ነበር።

ለብ ያለ ውሃ በገበታ መጣ። መሪጌታ ከቤት በወጣላቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጨርቅ እየነከሩ ጠፍሩ ላይ ያለብሱታል፤ እኔ ስር ስሩን አርሳለሁ። «አትቸኩይ፤ የጠጣውን ያህል ነው የሚለቅ» ይሉኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዚህ ቆየን። ለቀስተኛው ከቦ ያያል። አንድ ሽማግሌ «መሪጌታ፣ ዛሬ ደግሞ ወንበር ትገንዛላችሁ?» ሲሉ፣ እሳቸው ቀና ሳይሉ «ይህቺስ ትነሣለች» አሏቸው።

እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ተከፈተ። «ብራና ስወጥር» አሉኝ፣ «ጫፉን የምትይዝልኝ ትርንጎ ነበረች። ዲያቆን ሞልቶ ሳለ እኔ ከእሷ እጅ ሌላ አላምንም ነበር። 'ጠበቅ' ስላት ልክ ነው፤ 'ላላ' ስላት ልክ ነው። አሁን ማን ይይዝልኛል?»

«የኔታ፣ እኔም ጫፍ ያዥ ነበርኩ» አልኳቸው። «እሱ ወንበሩን በቃጫ ይጠልፋል፣ እኔ እይዛለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጠልፌ አላውቅም።»

አዩኝ። ከገባሁ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና በደንብ አዩኝ።

ጠፍሩ ለሰለሰ። አንዱንም ሳንቆርጥ ፈታነው። መጨረሻው ሲወጣ ወንበሯ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማች፣ ጥርሱም ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ከዚያ ሁላችንም መሃሏ ባዶ የሆነውን ወንበር ከበን ቆምን። አለምነሽ «ታዲያ አሁን አባቴ በምን ይቀመጣሉ?» አለች።

ወስጃት መሄድ እችል ነበር። ሚኒባሱ ደጅ ቆሟል፣ አያሌውም «ልጫናት?» ብሎኛል። መሪጌታ ግን ጎንበስ ብለው ባዶውን መቀመጫ በእጃቸው እየለኩ «ቃጫ ነበር ያልሽው? ከሐጂ ሱቅ ቀጭን የተገመደ አይጠፋም» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ጥለፊ። ጫፉን እኔ እይዛለሁ» አሉኝ።

«አልችልም የኔታ።»

«እኔስ መያዝ እችላለሁ መሰለሽ? አርባ ዓመት አዛዥ ነበርኩ።»

ጀመርን። የጌታቸው እጅ እንዴት ይዞር እንደነበረ ዓይኔን ጨፍኜ አስታወስኩ፤ ከፊት እንጨት ላይ፣ ወደ ውስጥ፣ ከጎን እንጨት ላይ፣ ተመልሶ ወደ ማዶ። ሃያ ስምንት ዓመት ያየሁት ነገር ነው፤ ግን ማየትና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ፈታሁት። «ጠበቅ ያድርጉልኝ» ስል ከራሴ አፍ የጌታቸውን ቃል ሰምቼ ደነገጥኩ። መሪጌታ ከመጠን በላይ ይስባሉ። «ላላ!» እላለሁ፤ በሙሉ ይለቁታል። «ይህ ሥራ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ትርንጎ ሥራ ላይ ነበረች» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሚኒባሱ ሄደ። ከሴቶቹ ጋር አደርኩ። ዘነቡም አብራኝ ቀረች። ስለ ስፌት መኪናው ነገርኳት፤ ጋቢ ተከናንበን አጠገብ ለአጠገብ ተኝተን ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታ እስኪያፍናት ሳቀች፤ «እኔ ደግሞ በምን በደልኳት እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት!» አለችኝ። ያን ማታ መሪጌታ ጥቂት ንፍሮ ቀመሱ ብላ አለምነሽ መጥታ አበሰረችን።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጥልፉ አለቀ። ቆንጆ አልነበረም። መሃሉ ላይ ተጣሟል፤ ጌታቸው ቢያየው ይፈታው ነበር። መሪጌታን አስቀመጥናቸው። እጃቸውን በክንዶቹ ላይ አሳረፉ። ሁላችንም አዳመጥን። ድምፅ የለም።

«ዝም አለ» አሉ።

ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ፤ በጉልህ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። አለምነሽ «እሰይ፣ አባቴ አለቀሱ» እያለች አብራ አለቀሰች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ዕንባ አልወጣቸውም ነበር። እስከዚያ ድረስ ወንበሩ ነበር የሚያለቅስላቸው።

ስሰናበታቸው እጄን ይዘው «መቼም ሳልጠይቅሽ አልቀርም፤ ሥሯ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ምንድን ነው?» አሉኝ። ወንበሯ ተጋድማ ሳለ አይተውት ኖሯል። ባለቤቴ ያገኛትን ቦታ እንደሚጽፍ ነገርኳቸው። «መልካም ልማድ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከአራት ቀን በኋላ የእድሩ መኪና ከደጄ ቆመ። አያሌው ወንበሯን በሁለት እጁ አቅፎ ገባ፤ ከመስኮቱ ስርም አስቀመጣት። ቦታዋን ማንም አልነገረውም፤ ባዶው ነገረው። «ኮሚቴው ተነጋግሯል» አለኝ። «የእርስዎ ናት። ቀለሙን እፍቀዋለሁ፤ የኛን ቆጠራ ሠላሳ ብዬ አስተካክላለሁ።»

ገለበጥኳት። የዴንማርኩ ማኅተም አለ። ከጎኑ በጌታቸው እርሳስ፣ «ዳባት፣ ጠጅ ቤት፤ ከእሷ ጋር ሳለሁ» ይላል። ከዚያ ሥር፣ በጥቁር የቤተ ክርስቲያን ቀለም፣ ፊደሉ እንደ ብራና ላይ ጽሑፍ ተስተካክሎ፣ አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ «ወለተ ሰንበት»። ለቅሶ ቤት በጸሎት ሲጠራ የሰማሁት የትርንጎ የክርስትና ስም ነው።

«ከእሷ ጋር ሳለሁ» የሚለውን ስንት ጊዜ አይቼው ነበር። «እሷ» እኔ ነኝ። ያን ዕለት ጠጅ ቤት አብሬው የነበርኩት፣ ወንበር ሲገለብጥ ያፈርኩበት ልጅ። ወንበሯን ከመስኮቱ ስር ባስቀምጣት ሥሯን የሚያይ እኔ ብቻ ነኝ። ትርንጎን ደግሞ እኔ አላውቃትም። ስሟ የተጻፈው በኔ ቤት ግድግዳ ስር እንዲቀመጥ አይመስለኝም።

«አያሌው፣ ቀለሙን አትፋቀው» አልኩት። «ጫናት።»

«ቲቸር?»

«ቁጥራችሁ ይጎድላል። ብቻ ጠፍር የሚባል ነገር አይንካት። መቀመጫዋ ሲላላ እኔን ጥሩኝ፤ ጫፍ የሚይዝልኝ አንድ ሰው ላኩልኝ።»

እነሆ ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ወንበሮቼ ስምንት ናቸው፤ ህሊና አሁንም ሽጪያቸው ትለኛለች። ብቸኝነቴ አልሄደም፤ ሄዷል ብዬ ብጽፍ የምታነቡኝ ባሎቻችሁን የቀበራችሁ ሴቶች ታውቁብኛላችሁ። ምሽት ላይ ቤቱ ያው ቤት ነው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ ለቅሶ አይቀርብኝም። ሰው ሲሞት ከሌላው ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ወንበሯን ገልብጬ ጥልፏን በእጄ እፈትሻለሁ፣ ከጎኗ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። የተቀመጠባት ሰው ማውራት ከፈለገ እሰማለሁ። ካልፈለገም አብሬው ዝም እላለሁ። ሲነሣ፣ የሞተበትን ሰው ስም እንዲጽፍባት እርሳስ አቀብለዋለሁ። ከሥሯ አሁን አምስት ስም አለ፤ አንዱ የሕፃን ነው።

እናንተም ምናልባት አንድ ቀን በደባርቅም ይሁን በዳባት ለቅሶ ስትደርሱ፣ በጀርባዋ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «፴፩» የተጻፈባት ባለ ክንድ ወንበር ካያችሁ፣ ባለቤቷ ማን እንደሆነ አትጠይቁ፤ ተቀመጡባት። መሃል ላይ ጥልፏ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ያን ጊዜ ገና መማሬ ነበር። ድምፅ ካሰማች ግን እያለቀሰችላችሁ አይደለምና ዝም አትበሉ። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ንገሯት።